ጳጉሜን የማያውቅ ፎርም

በ2017 ክረምት መርሳ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ልንሠራ ተስማማን፡፡ «ልንሠራ» ስንል አትሳቁ፤ ዘንድሮ ከዜሮ ተነስቶ የሚጽፍ ጥቂት ነው፡፡ ቪው የሚባል ፍሬምወርክ አለ፤ ኢቫን ዩ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የለቀቀው፡፡ ምሰሶውና ማገሩ ተዘጋጅቶ ይቀርብላችኋል፡፡ በሩንና መስኮቱን፣ ማለትም የስም መሙያውን፣ የቀን መምረጫውን፣ ሰንጠረዡን፣ ሌሎች ሠርተው በነጻ ካስቀመጡት እያነሱ መግጠም ነው፡፡ ኮምፖነንት ይሏቸዋል፡፡

ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን ወልድያ ላይ አወረድናቸው፡፡ በፍላሽ ይዘን፣ በሚኒባስ ስሪንቃን አልፈን፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሀብሩ ገባን፡፡ በሁለት ቀን ፎርሙ ቆመ፡፡ ጉራችን አይጣል ነበር!

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ፡፡

«መቼ ተወለደች፣ እትዬ?»

«ጳጉሜን 3 ቀን 2010፡፡»

ወሩን ፈለግነው፡፡ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ 12፡፡ አበቃ፡፡ ያወረድነው የቀን መምረጫ የተሠራው ለ12 ወር ነው፤ እኛ የወሮቹን ስም ብቻ ቀይረን ሐበሻ ያደረግነው መስሎን ነበር፡፡

ከመካከላችን አንዱ «መስከረም 1 እንበለው» አለ፡፡

«ታዲያ 2011 ሊሆን አይደል? በሦስት ቀን አንድ ዓመት ልትቀንሱባት ነው?» አሉ፡፡

አፈርን፡፡ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው፡፡ ልጅቷ «አልሞላትም» ተብላ ብትመለስ ጥፋቱ የኛ ስንፍና ነበር፡፡

የሞጁል ጥቅም የገባን ያን ዕለት ማታ ነው፡፡ ፎርሙን አላፈረስነውም፤ የቀን መምረጫውን ብቻ ነቅለን የራሳችንን ተከልን፡፡ 13 ወር፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ 6፡፡ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየቱን ጃቫስክሪፕት ራሱ ይችላል፤ ከኛ ወደ ፈረንጁ የሚመልሰውን ስሌት ግን ቁጭ ብለን ጻፍነው፡፡ አንዱ ሲስተካከል መመዝገቢያውም፣ የስም ዝርዝሩም፣ የሚታተመው ወረቀትም አብረው ተስተካከሉ፡፡ እግረ መንገዳችንን «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን አንስተን የአባትና የአያት ስም አስገባንበት፡፡

በነጋታው እናትየው ተመለሱ፡፡ ይቅርታ ስንጠይቃቸው «አብሽሩ ልጆቼ» ብለው ሳቁ፡፡

ከዚያ ወዲህ ምንም ዓይነት ኮምፖነንት ስናወርድ መጀመሪያ የምንሞክረው ጳጉሜን 3ን ነው፡፡