የእኛ ፓስተር በሌላው መድረክ

የአድቬንቲስት ፓስተር ከሉተራንና ከካቶሊክ ካህናት ጋር ቆሞ ጸለየ ሲባል «አለቀልን፣ ወደ ሮም ተጠቃለልን!» የሚሉ ወገኖች አሉን። ስጋቱ ከዮሐንስ ራእይ ትርጓሜያችን የመጣ ነውና አልንቀውም። ግን የእኛው የቤተ ክርስቲያን መሪ በርት ቢች የሁለተኛውን የቫቲካን ጉባኤ ተከታትለዋል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጳጳሱ ለጳውሎስ 6ኛ ሜዳልያ አበርክተዋል። ያኔም ብዙ ተጮኸ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ዛሬም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባል አይደለችም፤ ሰንበታችንም ከቅዳሜ አልተነቃነቀችም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የጌታ ራታችን ለማንኛውም አማኝ ክርስቲያን ክፍት ነው። እንግዳውን እግሩን አጥበን፣ ኅብስቱን አብረነው ከቆረስን በኋላ፣ ፓስተራችን ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አንድ መዝሙረ ዳዊት ቢያነብ ምኑ ያስደነግጣል? የእምነት ስምምነት ፈርሞ ከመጣ፣ ያኔ እኔም አብሬያችሁ እጮሃለሁ።