ቁጭ በሉ ስንላቸው

ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት አዛውንት ካጋጠሟችሁ ጥቂት ከኋላቸው ሆናችሁ ልብ በሏቸው። ጨዋታው ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ እስከሆነ ድረስ አካሄዳቸው አይቋረጥም። የልጅ ልጅ ሠርግ ወይም የእድር ጉዳይ ሲነሳ ግን አንደኛው ድንገት ቀጥ ይላል። ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ነገሩን እስከ ዳር አድርሶ፣ ከዚያ ነው እርምጃውን የሚቀጥለው። ከኋላ የሚመጣው ወጣት መንገድ ተዘጋብኝ ብሎ ይነጫነጫል። እኔ ይህን መቆም እወደዋለሁ፤ ለቁም ነገር የሚሰጥ ክብር አለበት።

ሌላም ነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የስዊድን ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ 58 ሰዎች እየተራመዱ ሳለ ወሬ ይጀመርላቸዋል፤ መልስ ለመስጠት የሚቆመው ማን እንደሆነ ይታያል። 12ቱ ቆሙ። ከ12ቱ 10ሩ በስድስት ወር ውስጥ ወደቁ። በወጣትነት እግራችን ሳናስብበት ይሄዳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መራመድ ራሱ ሐሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ እናታችሁን አስፋልት እያሻገራችሁ ስለ ዘመድ ጠብ አትጠይቋቸው። ይሻገሩ፤ ከዚያ ይተርካሉ።

ቀጥ አድርገው የሚያቆሙን ሦስት ናቸው፦ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ ከውስጥ እግርና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚሄደው ስሜት። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፤ ድካሙም ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። የሚታወቀው በትናንሽ ነገር ነው። ስኳር በሽታ ውስጥ እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰው ቀን ቀን በዓይናቸው እየተመሩ ደህና ይሄዳሉ፤ ፊታቸውን በሳሙና ሲታጠቡና ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን ወዘወዝ ይሉና መታጠቢያውን ይይዛሉ። መብራት በጠፋ ለታም እንዲሁ ግድግዳ ይዳብሳሉ። ሱሪ ለማጥለቅ ቆመው ይጀምሩ የነበሩ አባት አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ ያያል፤ ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው።

እኛ ደግሞ አክባሪዎች ነን። እማማ ከመቀመጫቸው ገና ሸርተት ሲሉ ሦስት ሰው ይነሳል። «ምን ፈለጉ እማማ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ እኔ አመጣዋለሁ።» ውሃው ይመጣል፣ ጋቢው ይመጣል፣ ሪሞቱ ይመጣል። ለሰው ያለን ፍቅር ያምራል፤ በዚህ አላፍርም። ነገር ግን እኚሁ ሴት ከጥቂት ዓመታት በፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ አንዴ ለውሃ፣ አንዴ ለዕጣን፣ አንዴ ለፈንድሻው ስንት ጊዜ ይነሱ እንደነበር አስታውሱ። ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት የጭን ሥራ ነው። ያን ሥራ ወስደን ጥልቅ ሶፋ ሰጠናቸው፤ ጭናቸው ሳሳ፤ አሁን ከሶፋው ለመውጣት ሰው የሚጎትታቸው ሆኑ። በዕድሜ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ግማሹን ያመጣነው እኛ ነን።

እምነታችን እንኳ ይህን ያህል አያስቀምጥም። መቋሚያ ይዘው ሌሊቱን በማኅሌት የሚያነጉ ካህናት አሉ። በስቅለት ዕለት ከወጣቱ እኩል የሚሰግዱ እናቶች አሉ። ሙስሊሙ በቀን በአምስቱ የፈርድ ሶላት 17 ረከዓ ይሰግዳል፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ አለና ግንባሩ 34 ጊዜ መሬት ይነካል፤ ሰውነቱም ደጋግሞ ከመሬት ይነሳል። ስግደት ለጡንቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ ጉልበት ግን የሚያገኘውን ያገኛል። ጉልበታቸው የታመመባቸው ወንበር ላይ ሆነው ይጸልዩ፤ የሚችሉትን ግን አዝነንላቸው ወንበር አናቅርብላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ ጂም አያስፈልገውም። ሚኒባስ ላይ መውጣትን እዩት፦ አንዱ እግር ደረጃው ላይ ሲያርፍ መላው ሰውነት በአንድ እግር ቆሟል፤ ረዳቱም «ቶሎ ቶሎ» ይላል። ቤት ውስጥ ከባድ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር ጥቂት መቆም፣ ከዚያ እግር መቀየር፣ ከጠንካራ ወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና መቀመጥ፣ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በግድግዳ ጥግ መሄድ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ሰው አጠገባቸው ይሁን።

ስለ ከዘራም ልናገር። ከዘራ ብዙ ጊዜ በውርስ ይገኛል፤ ወራሹ ግን ከአውራሹ ሊያጥር ይችላል። ቀጥ ብለው ቆመው ክንዳቸውን ሲያወርዱ እጀታው የእጅ አንጓቸው ላይ መድረስ አለበት። የሚያዘውም በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በደህናው በኩል ነው። መንገድ ላይ ቆጥራችሁ እዩ፤ በስንፍና ሳይሆን ማንም ስላልነገራቸው በተቃራኒው የያዙ ብዙ ናቸው። ነጠላ ጫማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ፣ የበዓል ቄጠማም እዚያው ሴራሚክ ላይ ሲጎዘጎዝ፣ አደገኛ ነው፤ ቄጠማውን ጎዝጉዙ፣ መተላለፊያቸውን ግን ክፍት ተዉላቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መደበቃቸው ነው። ወድቀው የተላላጠ ክርናቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ከሰሙ ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን መሄድ እንደሚከለከሉ ያውቃሉ። ፍርሃቱም ቤት ያስቀምጣቸዋል፤ መቀመጡ ያደክማቸዋል፤ ድካሙ መልሶ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ወድቄ ነበር ሲሏችሁ አትቆጡ፣ አትከልክሉ። እንዴት እንደወደቁ በእርጋታ ጠይቁ፤ ሲነሱ ራሳቸውን ያዞራቸው እንደሆነ፣ የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ እዩ፤ ዓይናቸው ሞራ እንዳለበት አስመርምሩ። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ባይጎዳም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ነገ ጠዋት ደግሞ ውሃ ለመቅዳት ሲነሱ አትቅደሟቸው፤ አጠገባቸው ቁሙና ራሳቸው ይቅዱ።