መቆም አይከለከልም

ዲላና ዙሪያዋ የሚያድግ ልጅ ዋና የሚማረው ወንዝ ውስጥ ነው። ከጌዴኦ ደጋ፣ ከእንሰቱና ከቡናው ሥር የሚነሱት ወንዞች ጠባብና ፈጣን ናቸው። ዝናብ በጣለ ማግስት ይደፈርሳሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና መታጠብ ሲጀምር ደግሞ ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ በታች ያለው ውኃ የልጣጭ ሽታ ስለሚይዝ፣ ልጆች ወደ ላይኛው ወራጅ ካልወጣን አንገባም ነበር።

እኔም ለገዳራ ወንዝ ላይ ታላላቆቼን እያየሁ ተማርኩ። እናቴ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እያለች ትከለክለኛለች፤ እኔ ደግሞ ፀጉሬ እስኪደርቅ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ ቤት እገባለሁ። ወንዝ የሚያስተምረው የራሱ ጥበብ አለው። ጭንቅላትህን ከውኃ በላይ ታደርጋለህ፤ ድንጋይና ግንድ ቀድመህ ማየት አለብህና። ዓይንህን ውኃ ውስጥ አትገልጥም፤ በድፍርሱ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። በጭንቅላትህ ዘለህ አትገባም፤ ጥልቀቱን ሳያውቅ የገባ ይሞታል። መዞር የሚባል ነገርም የለም፤ ወንዙ ወደሚሄድበት ሄደህ ዳር ስትደርስ ትወጣለህ። በዚህ ሁሉ ጎበዝ ነበርኩ። ከሰፈራችን ልጆች የሚቀድመኝ አልነበረም።

ወጣት ሳለሁ ከዲላ ውጭ በተካሄደ አንድ ውድድር ላይ ለመካፈል ተመረጥኩ። ርቀቱ 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሲሆን ገንዳው 25 ሜትር ስለነበር ሄዶ መመለስን ይጠይቃል። የዋና መነጽር ዓይኔ ላይ ያደረግኩት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው፤ እሱንም ያዋሰኝ ሌላ ተወዳዳሪ ነበር። መነሻው መድረክ ላይ ስወጣ ከግራና ከቀኝ ያሉት እንዴት እንደሚያጎነብሱ አይቼ እንደነሱ አጎነበስኩ። ፊሽካው ሲነፋ እንደነሱ ዘለልኩ። ውኃውን በደረቴ መታሁት። መነጽሩ ከዓይኔ ተንሸራቶ አፌን ሸፈነው። ትንፋሽ አጠረኝ፤ አቅጣጫ ጠፋኝ፤ ከመስመር መለያው ገመድ ጋር ተጋጨሁ። ቦታው እስከ ደረቴ ስለነበር ቆምኩና መነጽሩን እያስተካከልኩ ወደ ፊት ተራመድኩ። ሳቁን የሰማሁት ያኔ ነው። ዳኛው እጁን አነሳ፤ ከውድድሩ ተሰረዝኩ።

ፎጣዬን ደርቤ ጥግ ይዤ ስቀመጥ ከዳኞቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ሰው አጠገቤ መጡ። «ልጄ፣ በነጻ ቀዘፋ መቆም አይከለከልም እኮ» አሉኝ። «የሚከለከለው መራመድ ነው። መነጽርህን አስተካክለህ ከቆምክበት ብትቀጥል ኖሮ ማንም አይነካህም ነበር።»

ደንቡ በእርግጥም እንደዚያ ነው። በነጻ ቀዘፋ የገንዳውን ወለል ረግጦ የቆመ ሰው አይሰረዝም፤ የተራመደ ወይም ገመዱን ይዞ ራሱን የጎተተ ግን ይሰረዛል። እዚያ ከነበሩት ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ዲላ ስመለስ ውድድሩ እንዴት ነበር ለሚለኝ ሁሉ ዝም አልኩ። ለረጅም ጊዜም ወንዝ አልወረድኩም። ጉድለቱ ያለው እኔ ውስጥ፣ ያሳደገኝም ውኃ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን በሌላ ዓይን ያየሁት ሌላ ሰው ከእኔ እጅግ በሚበልጥ አደባባይ ሲሳቅበት ነው።

ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም በሪዮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ዋኘ። የገባበት ሰዓት 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ነበር፤ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆነ። የውጭ መገናኛ ብዙኃን ሰውነቱን አይተው ዓሣ ነባሪ የሚል ስም አወጡለት። እኛ አገር ደግሞ ቁጣው ሌላ ነበር፤ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሰንደቅ ዓላማውን የያዘው እሱ ነው፣ አባቱም የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ናቸው የሚል። ተወዳዳሪ እንዴት ይመረጣል ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። በሰው ገላ መሳቅ ግን ከዚያ ጥያቄ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሳቁን ስሰማ የራሴ ደረት ታመመ።

ከሦስት ቀን በኋላ አልማዝ አያና በዚያው ኦሎምፒክ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሁለቱን ውድድሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ። አገራችን ውስጥ ሯጭ ታላቅ መድረክ ላይ ከመድረሱ በፊት በትምህርት ቤት፣ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልልና በክለብ ይወዳደራል። አነሳሱን ያበላሻል፣ ጉልበቱን ቀድሞ ይጨርሳል፣ በክርን ተገፍቶ ይወድቃል፤ ይህን ሁሉ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፣ እሱም ያገሩ ሰው። ለዋናተኛው እነዚህ ደረጃዎች እጅግ የሳሱ ናቸው። ስለዚህ ልምምድ ላይ መሠራት የነበረበት ስህተት በውድድር ቀን፣ ሕዝብ ፊት ይሠራል። ሀፍረት የምንለው ነገር አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናደርገውን ነገር በብዙ ሰው ፊት ከማድረግ።

የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒም ታሪኩ ይኸው ነው። መስከረም 1993 ዓ.ም በሲድኒ ኦሎምፒክ የደረሰው ዋና ላልተስፋፋባቸው አገሮች በሚሰጥ ልዩ ዕድል ነበር። አገሩ ውስጥ ይለማመድ የነበረው በአጭር የሆቴል ገንዳ ነው፤ የ50 ሜትር ገንዳ ያየው ሲድኒ ሲደርስ ነው። አብረውት የተሰለፉት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ያለጊዜው ተነስተው ስለተሰረዙ 100 ሜትሩን ብቻውን ዋኘ። መጨረሻው ላይ አቅሙ ተሟጥጦ የሚሰምጥ እስኪመስል ድረስ ታገለ፤ በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ጨረሰ። ዓለም የሚያስታውሰው ያን ቀን ነው። እኔ ግን የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ልምምድ ሲያገኝ ያንኑ ርቀት ከ57 ሰከንድ በታች ዋኘ፤ በኋላም የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ሰውየው ያው ሰው ነው። የተለወጠው ያገኘው ውኃና ጊዜ ነው።

መነጽር ከእኔ የበለጡትንም ይከዳል። ነሐሴ 7 ቀን 2000 ዓ.ም በቤጂንግ ኦሎምፒክ የ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ የማይክል ፌልፕስ መነጽር ውኃ ሞላው። መጨረሻው አካባቢ ግድግዳው አይታየውም ነበር። እጁ ስንት ጊዜ እንደሚቀዝፍ አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር ቆጥሮ ደረሰ፤ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ ወርቁንም ክብረ ወሰኑንም ወሰደ። አሠልጣኙ ቦብ ቦውማን ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ በአንድ ውድድር ላይ ሆን ብሎ መነጽሩን ረግጦ ሰንጥቆበት ነበር፤ ልጁ በማያይ ዓይን መዋኘትን እንዲለምድ። ይህን ሳነብ ያ ሽማግሌ ዳኛ ትዝ አሉኝ። ፌልፕስ ያን ችግር ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ እኔ የተዋወቅኩት ውድድሩ መሐል ነው።

ዛሬ ታዳጊዎችን ለውድድር ሳዘጋጅ ከፍጥነት በፊት የማስተምረው ይህንን ነው። ገንዳ ተከራይተን በምንገባበት ቀን መነጽራቸውን ውኃ ሞልተው እንዲነሱ አደርጋለሁ። ፊሽካ ሳይነፋ የሚነሳ ሰው ምን እንደሚሆን ያዩታል። ገንዳው መሐል ቆመው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ዋናቸውን ይቀጥላሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌሎቹ ይስቃሉ፤ ቀጥሎ የሚሳቅበት ግን ራሱ የሳቀው ስለሆነ ሳቁ ማንንም አይጎዳም። ወንዝ ያስተማራቸውንም አላስጥላቸውም። በሐይቅና በባሕር የሚወዳደሩ ዋናተኞች እንኳ መንገዳቸውን ለማየት በየመሐሉ ቀና ይላሉ። የወንዝ ልጅ ውኃን መፍራትም ማክበርም ያውቃል፤ የሚቀረው የገንዳውን ሕግ ማወቅ ብቻ ነው።

ለመምህራን፣ ለአሠልጣኞችና ለዞን ስፖርት ኃላፊዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ልጅን ወደማያውቀው መድረክ ስትልኩ ከማሊያውና ከትራንስፖርቱ በፊት ደንቡን ንገሩት፤ ቢቻል ከውድድሩ አንድ ቀን ቀድሞ ያንኑ ውኃ ይቅመሰው። ለወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ከውድድር ተመልሶ ዝም ካለ ስንተኛ ወጣህ ብላችሁ አትጀምሩ፤ ምን አዲስ ነገር ገጠመህ በሉት። መልሱ ውስጥ ለሚቀጥለው ልምምድ የሚሆን ትምህርት ይገኛል። ሕዝብ ፊት ለተሰናከለ ልጅም ያ ሽማግሌ ለእኔ ያደረጉልኝን አድርጉለት። አጠገቡ ሂዱና የሚፈቀደውን ንገሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም መቀጠል እንደሚችል ያውቃልና።