ብርብር ድረስ የሄደ ቀጠሮ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በመኪና ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። የሁምቦን ቆላ እንዳለፋችሁ በስተግራ ዓባያ ሐይቅ ብቅ ይላል፤ በስተቀኝ የጋሞ ደጋ ተራሮች ተሰልፈው ይከተሏችኋል። ሰማያዊ ውሃ የጠበቀ ሰው ይገረማል። ዓባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ወንዞች ከየተራራው ጠርገው የሚያወርዱት አፈር ነው ያቀላው። በተራራውና በሐይቁ መካከል የተዘረጋው አገር ምዕራብ ዓባያ ይባላል፤ ከተማው ብርብር ነው። ሙዝ ወዲህ፣ ሙዝ ወዲያ! መኪና ቆም ባለ ቁጥር በመስኮት የሚገባውን የሙዝ ብዛት ምን አለፋችሁ።

ይህን መንገድ በቅርቡ የተጓዝኩት ግን ለሽርሽር አይደለም። አዲስ አበባ የምትሰራ አንዲት የ31 ዓመት ወዳጄን አጅቤ ነው። ስሟ ይቆየን። የብርብር ልጅ ናት። ክብደቷ 118 ኪሎ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63። ስኳር ጀምሯታል፤ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏታል። ሐኪሞች ስለ ጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን እንድታስብበት ነግረዋታል። "ታዲያ ለኦፕራሲዮን ብርብር ምን ያስኬዳል?" ትሉ ይሆናል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ነገር ብር ከፍሎ፣ ተኝቶ፣ ቀጥኖ መነሳት ይመስለናል። አይደለም። ትልቁ ስራ ያለው አልጋ ላይ ከመውጣት በፊት ባሉት ቀጠሮዎች ነው። የመጀመሪያው ልኬት ነው። ኪሎ በቁመት ይካፈላል፤ የተገኘው እንደገና በቁመት ይካፈላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ውጤቱ 35 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለኦፕራሲዮኑ ሊታሰብ ይችላል፤ ስኳርን የመሰለ በሽታ ካለ ከ30 ጀምሮ። የወዳጄ 44 ነው። እንግዲህ "ለሰርጌ አምስት ኪሎ ልቀንስ" የምትሉ፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ቫይታሚን በደም ይታያል። ልብ በኤሲጂ፣ ሐሞት ከረጢት በአልትራሳውንድ፣ ጨጓራ በኢንዶስኮፒ ይፈተሻል። በአገራችን የተለመደው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው፣ ከተገኘ አስቀድሞ ይታከማል። እንቅልፍ ላይ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ሰው ደግሞ ይህን ሳይደብቅ ይናገር፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ማወቅ አለበት። ሲጋራ የሚያጨስም ያቆማል።

ሦስተኛው የወሬ ቀጠሮ ነው፤ ከምግብ ባለሙያና ከስነ ልቦና ባለሙያ ጋር። መቼ ትበያለሽ? ሲከፋሽ ወይስ ሲርብሽ? ወዳጄ ይህን ሁሉ መለሰች። መጨረሻ ላይ "ከቤተሰብ ማን ያውቃል?" ተባለች። ዝም። "እናትሽስ?" አሁንም ዝም። "እንግዲያው ሄደሽ ንገሪያቸውና ተመለሺ" አሏት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚያስታምም፣ "ብዪ እንጂ" ብሎ የማያስጨንቅ ሰው ያስፈልጋላ!

መንገድ ላይ ልምምዱን ጀምራው ነበር። ቡታጅራ ለምሳ ስንቆም ሰው ሁሉ ክትፎ ያዛል፤ እሷ ትንሽ አቅርባ ታኝካለች፣ ታኝካለች። እኔ ሦስቴ ስጎርስ እሷ አንዷን ገና አልጨረሰችም። ውሃም ከምግብ ጋር አትጠጣም። በኋላ እስከ ዕድሜ ልክ እንዲህ ነውና ከአሁኑ መልመድ ይሻላል።

ብርብር ስንደርስ እናት ከማንጎው ዛፍ ስር ተነስተው ልጃቸውን አቀፏት። "እሰይ ልጄ፣ ተመችቶሻል!" አሏት። አትፍረዱባቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከመጠን በላይ ቀጭን፣ 8ቱ ብቻ ወፍራም ነበሩ። ረሃብን ለሚያውቅ እናት ውፍረት የተሰማ ጸሎት ነው።

ሺፈራው ቅጠል ከበቆሎ ኩርኩፋ ጋር ቀረበ። ልጅ ነገሩን በጋሞኛ አፈረጠችው፤ ለኔ በኋላ ተረጎመችልኝ። እናት መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። "ሆድሽን አስቆርጠሽ መስቀልን በምን ልትበዪ ነው?" አሉ። ጋሞ ውስጥ መስቀል ማለት ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብለት የቅቤና የስጋ ድግስ ነው። ቀልድ አልነበረም።

ልጅቷ የስኳር ኪኒኗን አውጥታ አሳየቻቸው። እናት ኪኒኑን አገላብጠው አዩና ድምጻቸው ወረደ። "እህቴን የወሰዳት ይሄ ነው?" "እሱ ነው እማዬ።" "ኦፕራሲዮኑስ ሞት አለው?" "ጥቂት ነው፤ ግን አለው።" ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ እናት ሳህኑን ሳብ አድርገው ኩርኩፋውን ቀነሱና ሺፈራውን ጨመሩበት። "ቀጠሮውን ከመስቀል በኋላ አድርጊው። እኔም እመጣለሁ" አሉ።

ይህ ለሐኪሙም ይመቻል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ካሎሪው ዝቅ ያለ ምግብ ይታዘዛል፤ ስብ የያዘው ጉበት ሲሟሽሽ ለቀዶ ሐኪሙ ቦታ ይለቃል። ከመስቀል ስጋ ጋር ግን አይሄድም።

ውጭ አገር "ቲኬትና ሆቴል ጭምር" የሚሉ ማስታወቂያዎችን አይታችሁ የምትቋምጡም አላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ እነዚህን ሁሉ ምርመራዎች ማን ያደርግልኛል? ተመልሼ ሌሊት ቢያስመልሰኝ ማን ያየኛል? ከጨጓራ እስከ 80 በመቶ የሚቆረጥበት ዓይነት አለ፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ እርግዝናም ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት አለበት። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም።

እናም ቤተሰባችሁ የትም ይኑር የት፣ ሄዳችሁ ንገሩ። መንገዱ ብርብርን የሚያሳልፋችሁ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ተነሱ፤ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ያዙ።