በቀን ስንት ሳህን?

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የምሰማው አንድ ቃል አለ፦ «ግብር በላን!» በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ነኝና ቅሬታው አዲሴ አይደለም። የሚገርመኝ፣ ብዙዎቹ ንግዱን ሲጀምሩ ግብሩን በሒሳባቸው ውስጥ አለማስገባታቸው ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከባልደረባው ጋር ምግብ ቤት ሊከፍት ተነሥቷል። ሁለቱም መምህራን ናቸው። ያጠራቀሙትንና የእቁብ ብራቸውን ሊያፈሱበት፣ ሥራቸውንም ሊለቁለት ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው፣ ከግብር በኋላ በዓመት 700,000 ብር እንዲተርፍ ይፈልጋሉ።

«ጋሼ፣ በቀን 90 ሳህን ከሸጥን ይበቃናል» አለኝ። ኪራይ፣ ደመወዝና ሌላው ቋሚ ወጪ በዓመት 2,000,000 ብር ነው። አንድ ሳህን ምግብ በአማካይ 250 ብር ይሸጣል፤ ለእንጀራው፣ ለዘይቱ፣ ለሽንኩርቱ 150 ብር ይወጣበታል። ከሳህን 100 ብር ይቀራል ማለት ነው። 2,700,000 ለ100 ሲካፈል 27,000 ሳህን፤ በ300 የሥራ ቀን 90።

ግብሩ ግን የለበትም። ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። ከ700,000 ላይ 210,000 ሲሄድ የሚቀረው 490,000 ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ በ700,000 ላይ 30 በመቶ ጨምሮ 910,000 ይላል። እሱም አያደርስም፤ ግብሩ ሲነሣለት 637,000 ይሆናል። ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላው ትርፍ ስለሆነ፣ 700,000 የትርፉ 70 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ ለ0.7 እናካፍለዋለን፤ 1,000,000። ቋሚ ወጪው ሲደመር 3,000,000፤ ለ100 ሲካፈል 30,000 ሳህን። በቀን 100 ሳህን፣ ወይም የ25,000 ብር ሽያጭ። ደንበኛው በላዩ የሚከፍለው 15 በመቶ ቫት የእነሱ ገንዘብ ስላልሆነ አይቆጠርም። ትርፉን ሲከፋፈሉ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር ለብቻው አለ። ነጋዴው ግለሰብ ከሆነ ግብሩ በደረጃ ስለሚያድግ በ0.7 ማካፈል አይሠራም።

«ልዩነቱ 10 ሳህን ብቻ ነው?» አለ ወንድሜ ቀለል ብሎት።

የሳህኑ ወጪ ከ150 ወደ 170 ብር ቢወጣስ? ዋጋ ካልጨመሩ ከሳህን የሚቀረው 80 ብር ብቻ ነው። 3,000,000 ለ80 ሲካፈል 37,500፤ በቀን 125 ሳህን።

ልብ በሉ። 30 በመቶው ግብር የጨመረው 10 ሳህን ነው። የ20 ብር የዘይትና የሽንኩርት ጭማሪ ግን 25 ሳህን ጨመረ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የዕቃ ዋጋ በስንት ቀኑ እንደሚቀያየር የማያውቅ ነጋዴ የለም። የግብሩ ምጣኔ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሽንኩርቱን ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ ምሬቱን ሁሉ በግብር ላይ የሚያወርድ ነጋዴ ትልቁን ቀዳዳ አላየም። የነጋዴን ጩኸት ሁሉ ግብር ከመሸሽ የሚቆጥር ሹምም እንዲሁ።

ንግድ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ሒሳቡን ከመጨረሻው ጀምሩት፦ ከግብር በኋላ ስንት ይቅር? ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ በቀን ስንት ሳህን፣ ስንት ጥንድ ጫማ እንደሆነ ድረሱበት። ወጪው ጨምሮ ቢሆንም ድገሙት። ቁጥሩ ሰፈሩ የማይሸከመው ከሆነ፣ ይህን ብር ከማፍሰስ በፊት ማወቅ ይሻላል።

ወንድሜና ባልደረባው የኪራይ ውሉን ገና አልፈረሙም። አንዳቸው በማስተማሩ እንዲቆዩ ተስማምተዋል። ሰሞኑን በምሳ ሰዓት በሰፈሩ ምግብ ቤቶች ደጃፍ ቆመው የሚገባውን ሰው እየቆጠሩ ነው።