ስርዝ ድልዝ

ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀባይነት የለውም። የጸሐፊ እንጀራ ደግሞ ስርዝ ድልዝ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መላ ያገኘሁት ከኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሰፈር ነው።

መላው ጊት ይባላል። ፊንላንድ ተወልዶ ያደገው ሊኑስ ቶርቫልድስ፣ ሊኑክስን ከየአገሩ የሚጽፉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያበላሽ እንዲሠሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ያበጀው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ከነጸሐፊው ስም፣ ከነቀኑ ይመዘገባል፤ በተለመደው አሠራር 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያም ያገኛል። መለያው ሲሰላ የቀዳሚው መለያ ይገባበታል። ስለዚህ መሃል ላይ አንዱን የነካ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ለወጠ ማለት ነው።

እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ የአረጋውያንን ትዝታ ሰብስበን ለመጽሐፍ ስናሰናዳ ረቂቁን በጊት አኖርነው። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቅርንጫፍ ነበረን። ለማንም ባላጋራሁት ቅርንጫፍ ላይ እንደ ልቤ ነኝ፤ ሃያ ጥቃቅን እርማት በአንድ እጠቀልላለሁ፣ ቅደም ተከተሉን አቃናለሁ። አስቀድሜ ግን ነባሩ እንዳለ የሚቆይበት መጠባበቂያ ቅርንጫፍ አበጃለሁ። ካጋራሁትና ሌሎች ሥራቸውን ከጨመሩበት በኋላ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ስሕተት ቢገኝ አዲስ እርማት ይጨመራል እንጂ አሮጌው አይፋቅም።

አንድ ቀን፣ ትዝታቸውን ያጫወቱን አንዲት እናት ስማቸው እንዲጠፋላቸው ለመኑን። ከረቂቁ ማጥፋቱ ቀላል ነበር፤ መዝገቡን ወደ ኋላ ለገለጠ ግን ስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ባልንጀራዬ «የጋራ ታሪክ አይነካም» አለ። ሌላው «ሰው ይበልጣል» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሕጉ የወጣው ግን ለመዝገቡ ሳይሆን በመዝገቡ ለሚተማመኑ ሰዎች ነው።

ስለዚህ ተጠራርተን ቀን ቆረጥን። ሁላችንም የያዝነውን ሥራ አስገብተን እጃችንን ሰበሰብን። አንዳችን ስሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ታሪኩን እንደገና ጻፈ፤ የቀረነው ከአሮጌው ጋር አነጻጸርን፤ ከስሙ በቀር የጎደለ አልነበረም። ከዚያ የጋራው ማኅደር ተደምስሶ አዲስ ተከፈተ። በየኮምፒዩተራችን የነበረው ቅጂም፣ መጠባበቂያው ሳይቀር፣ ጠፋ፤ አንድ አሮጌ ቅጂ ቀርቶ መልሶ ቢላክ ስሙም አብሮ ይመለሳልና።

የእናታችን ትዝታ በረቂቁ አለ፤ ስማቸው የለም። ታሪክ ተከለሰ የሚል ጠብ በሰማሁ ቁጥር አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ታሪኩን የሚጋሩት ሰዎች ተጠርተው ነበር?