የክረምት ጥያቄና መልስ

ሐሙሲት ላይ ክረምት ሲገባ ሥራ የፈታ ሰው ሁለት ቦታ ነው የሚገኘው። ወይ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውን መኪና ይቆጥራል፤ ወይ ቤቱ ተኝቶ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ያዳምጣል። እኔ በ1996 ዓ.ም. ክረምት ሦስተኛ ሥራ አገኘሁ። ጥያቄ አውጪ ሆንኩ።

ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱ ልጆች መጡና “ቲቸር፣ ለታናናሾቻችን የጥያቄና መልስ ውድድር ልናዘጋጅ ነው፤ ጥያቄውን እርስዎ ያውጡልን” አሉኝ። ሽልማቱ ከነጋዴዎች የተለመነ ነው፤ ለአንደኛ አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ መዝገበ ቃላት። ይህችም ሽልማት ሆና ነው? የሚል አይጠፋም። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ እየተመላለሰ ለሚማር ልጅ ግን አንድ ደርዘን ደብተር ማለት ከአባት ጋር የሚደረግ አንድ ትልቅ ጭቅጭቅ ቀረ ማለት ነው።

ርዕሱን ራሴ መረጥኩ፤ የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ታሪክ። ለጥያቄ አውጪ እንደነዚያ ዓመታት የሚመች የለም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መከፈት፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ፣ ሁሉም እዚያው ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ችግሩ አቆጣጠሩ ነው። አንዱ መጽሐፍ ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1951 ነው ይላል፤ ሌላው በ1943። ሁለቱም ልክ ናቸው። በእኛ 1951 ግን አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ የተባሉበት ዓመት ነው። እንግዲህ “በ1951 ምን ሆነ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠብ ፈልጓል ማለት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የአበበ ቢቂላን ጥያቄ ነበር። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ ዕንቁጣጣሽ! ፈረንጁ “የበጋ ኦሎምፒክ” ይለዋል፤ እኛ ግን ወርቁን ያገኘነው በክረምት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክም እንዲሁ “የበጋ” ይባላል፤ ኅዳር 1949 ነበርና ለእኛም ለሜልቦርን ሰዎችም በጋ ነው። አውሮፓ ውስጥ በሬዲዮ የተከታተለው ሰው ግን ኮቱን ደርቦ ነው ያዳመጠው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ተመልከቱ እንግዲህ ምን እንደሠራሁ።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ውጪ ያወርደዋል። በመጨረሻ አንድ የከተማ ልጅና አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ እኩል ነጥብ ይዘው ቀሩ። ልጅቷ ስትገባ በር ላይ ቆማ ኮንጎ ጫማዋን በዝናቡ ስታጥብ አይቻታለሁ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ነበር። የመለያውን ጥያቄ አነበብኩ።

“የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን በኮሪያ ክረምት ከጠላት ሌላ ምን ተፈታተናቸው?”

ወረቀቴ ላይ የተጻፈው መልስ “በረዶ” ነው። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና “ዝናብና ጭቃ” አለች።

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ እስካሁን ታሳፍረኛለች። “አልተመለሰም” ብዬ ወደ ልጁ ዞርኩ። “በረዶ!” አለ። ጭብጨባው ዝናቡን አስረሳ።

ደብተሩን ካስረከብን በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተነሡ። የኮሪያ ዘማች መሆናቸውን ያኔ አላውቅም ነበር።

“መምህር፣ ክረምት መቼ ነው?” አሉኝ።

“ከሰኔ እስከ መስከረም ነዋ፣ አባባ።”

“እኛ ሐምሌንና ነሐሴን እዚያው ነበርን። የኮሪያ ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ልክ እንደዚህ። ጭቃው ቦት ጫማ ይነጥቅ ነበር። በረዶው የመጣብን በታኅሣሥ ነው፤ ታኅሣሥ ደግሞ እኛ አገር በጋ ነው። ልጅቷ ምን አጠፋች?”

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ ላይ የነበረውን የፈረንጆቹን የብርድ ወራት “ክረምት” ብዬ የገለበጥኩት እኔው ነኝ። እኛ ዘንድ ክረምት ዝናብ እንጂ ብርድ አይደለም። በረዶውም ቢሆን ያው ነው። ለሐሙሲት ገበሬ በረዶ ማለት ሰብል የሚደበድበው ጠጠር እንጂ እንደ ጥጥ የሚወርደው ነገር አይደለም። ለዚያኛው አመዳይ የሚል ቃል መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ግን ማን አስታውሶት?

ደግሞ የጠየቅሁት ስለ ቀላል ነገር አይደለም። በየተራው የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ውጊያው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ሲቆም እንኳ እኛ አገር ጭቃ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ዘማቾቹ ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ ቀበሩ። ሽማግሌው በኋላ ቡና ላይ እየሳቁ የነገሩኝ ደግሞ ይባስ፦ “የተዋጋናቸው ሰዎች መጥተው እኛኑ ሩዝ አስተማሩን!” እውነታቸውን ነው። በደርግ ዘመን በፎገራና በደራ ረግረግ ላይ ሩዝ ሲጀመር የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ዛሬ ወረታ መንገድ ላይ ግራ ቀኙን የምታዩት አረንጓዴ ያ ነው።

የዚያን ቀን ግን ለሽማግሌው ያልኳቸው “ውጤቱ ተነግሯል፣ አባባ” ብቻ ነው። አስተማሪ በሕዝብ ፊት ተሳስቻለሁ ይላል እንዴ?

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስድስት ደብተር ገዝቼ ልጅቷን ፈለግኋት። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ጌሾ ስትሸጥ አገኘኋት። ደብተሩን ስሰጣት እጇን ሰበሰበች።

“ቲቸር፣ ደብተሩስ ይቅር። ልክ ነበረች ይበሉልኝ።”

“ለማን?”

“ለሳቁት።”

መስከረም ላይ ሰልፍ ላይ እናገራለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። እናቷ “ተይ እንጂ፣ መምህሩን አታስቸግሪ” ብለው ደብተሩን ተቀበሉኝ። መስከረም ሳይጠባ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ። ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ ሄጄ በአንድ ጠዋት መመለስ እችል ነበር። አልሄድኩም። ሽማግሌው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ልጅቷ የት እንደደረሰች አላውቅም።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከሳቁት መካከል ይህን የሚያነብ አይጠፋም። የመለያው ጥያቄ መልስ ዝናብና ጭቃ ነበር።